ከተርሚናል ፋይል ማስተላለፍ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

3 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል ለመላክ የትኛውም መሣሪያ ይበቃል። ልዩነቱ የሚታየው ፋይሉ 20 ጊጋባይት ሲሆንና መስመሩ 90 ከመቶ ላይ ሲቋረጥ ነው። ያኔ አንዱ ፕሮግራም ሥራውን ከዜሮ ያስጀምራል፤ ሌላው ትዕዛዙን ለሚያውቅበት ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ሳይነግረው ራሱ መልሶ ተገናኝቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ከትዕዛዝ መስመር፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ከተርሚናል፣ ፋይል የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞችን በፍጥነታቸው ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም ብዬ አምናለሁ። ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው መስመሩ ነው። ፕሮግራሞቹ መመዘን ያለባቸው ነገር ሲበላሽ በሚያሳዩት ጠባይ ነው።

ከዚህ ጋር ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ምን ዓይነት ግንኙነት ይቀበላል? ሥራው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዕለቱ የሚደጋገም? ትዕዛዙን የሚሰጠው ተርሚናሉ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው ወይስ ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ስክሪፕት (አስቀድሞ የተጻፈ የትዕዛዞች ዝርዝር)? እነዚህን የመለሰ ሰው ምርጫው ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት መሣሪያ ይጠብለታል።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። የትዕዛዝ አማራጮችን በድምፃቸው እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ‘ሰረዝ ትልቁ ፒ’ (-P) እና ‘ሰረዝ ትንሹ ፒ’ (-p) ብዬ ስለያቸው በከንቱ አይደለም። ተርሚናል ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ይቆጥራቸዋል።

መጀመሪያ ማዶውን ይወቁ

የምርጫው ግማሽ በእርስዎ እጅ አይደለም። ሰርቨሩ የማይቀበለውን ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡበትን ደንብ፣ የቱንም ያህል ቢወዱት አይሠራልዎትም። በሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው፦ ኤፍቲፒ፣ ኤፍቲፒኤስ እና ኤስኤፍቲፒ። የኋለኞቹ ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ፤ በአሠራር ግን አይገናኙም።

ኤፍቲፒ የሁሉም ታላቅ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ1971 በአብሃይ ቡሻን ተጻፈ፤ ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ሰነድ ደግሞ በ1985 ወጣ። በዚያ ዘመን ኔትወርኩ ጥቂት ተቋማት የሚተዋወቁበት ስለነበር የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል ሳይመሰጠሩ መሄዳቸው ማንንም አላሳሰበም። ዛሬ ግን በመንገዱ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ኤፍቲፒኤስ ይኸው ፕሮቶኮል የምስጠራ ልብስ ለብሶ የቀረበ ነው። ኤስኤፍቲፒ ግን ከኤፍቲፒ አልተወለደም። የተሠራው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጠራ በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ላይ ነው። ኤስኤስኤችን እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ሲሆን፣ ያነሣሣውም በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ተጠልፈው መሰረቃቸው ነበር።

የተሰጠዎት መረጃ ግልጽ ካልሆነ የፖርት ቁጥሩን፣ ማለትም ግንኙነቱ በሰርቨሩ ላይ የሚገባበትን በር ቁጥር፣ ይመልከቱ። 22 ከሆነ ኤስኤፍቲፒ ነው። 990 ከሆነ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ የሚመሰጠር ኤፍቲፒኤስ ነው። 21 ከሆነ ወይ ተራው ኤፍቲፒ ነው፣ ወይ ከተገናኘ በኋላ ወደ ምስጠራ የሚሸጋገር ኤፍቲፒኤስ፤ የትኛው እንደሆነ አስተዳዳሪውን መጠየቅ ይበጃል።

የኤፍቲፒ ቤተሰብ አንድ ሌላ ጣጣ አለው። ትዕዛዞች በአንድ ግንኙነት፣ ፋይሎች ደግሞ በሌላ ግንኙነት ይሄዳሉ። በጥንቱ አካሄድ፣ ማለትም በአክቲቭ ዘዴ፣ ሁለተኛውን ግንኙነት የሚከፍተው ሰርቨሩ ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ነው። የቤትና የቢሮ ራውተሮች ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት ስለሚከለክሉ ውጤቱ ግራ ያጋባል፤ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ያገኛል፣ ፋይሎቹን ለመዘርዘር ሲያዙ ግን ተርሚናሉ ዝም ይላል። ይህ ምልክት ሲታይ ችግሩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለተኛውንም ግንኙነት እርስዎ እንዲከፍቱ የሚያደርገው ፓሲቭ ዘዴ ነው። በኤፍቲፒኤስ ነገሩ ይብሳል፤ ንግግሩ ስለተመሰጠረ ፋየርዎሉ የትኛው ፖርት እንደተመረጠ አንብቦ መንገድ መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ በሰርቨሩ በኩል የታወቁ ፖርቶች አስቀድመው መከፈት አለባቸው። ኤስኤፍቲፒ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ሁሉም ነገር በአንዲት ግንኙነት፣ በአንዲት ፖርት ያልፋል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ምርጫ ከሰጠዎት ኤስኤፍቲፒን ይውሰዱ። የሚቀበለው ተራ ኤፍቲፒ ብቻ ከሆነና ፋይሎቹ ለሁሉም የተከፈቱ ከሆኑ ማውረዱ ችግር የለውም። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ግን አስተዳዳሪው ምስጠራ እንዲከፍት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ እኔ ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት አያስፈልግም እላለሁ።

ጥንታዊው የኤፍቲፒ ትዕዛዝ

ኤፍቲፒ ተብሎ የሚጠራው ትዕዛዝ በብዙ መመሪያዎች ላይ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ጌት ፋይል ያወርዳል፣ ፑት ይጭናል፣ ኤምጌትና ኤምፑት ብዙ ፋይል በአንድ ላይ ያስተላልፋሉ፣ ባይ ይሰናበታል። ለመማር ቀላል ነው። ለሥራ ግን አልመክረውም።

አንዱ ምክንያት ምስጠራ አለማወቁ ነው። ሌላው የጽሑፍ ዘዴ የሚባለው ወጥመድ ነው፤ ፕሮግራሙ በዚህ ዘዴ ላይ እያለ የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን እየቀየረ ያስተላልፋል። ለተራ ጽሑፍ ይህ ይጠቅም ይሆናል፤ ፎቶና የታመቀ ፋይል ግን ተበላሽቶ ይደርሳል። ፋይሉ ደርሶ አልከፈት ካለ፣ መጠኑም ከመጀመሪያው በጥቂቱ ከተለየ፣ ‘ባይነሪ’ ብሎ ማዘዝ ተረስቷል ማለት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የኤፍቲፒ ትዕዛዝ ደግሞ ፓሲቭ ዘዴን አያውቅም፤ ከላይ ያነሣሁት ዝምታ እዚያ መድኃኒት የለውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የማክ ሥርዓተ ክወና ትዕዛዙን ጨርሶ አስወጥቶታል። ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 የኤፍቲፒ አድራሻ መክፈት አቁመዋል። በስክሪፕት ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ፋይሉ ሳይሄድ ቀርቶ ፕሮግራሙ እንደተሳካለት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ኤስኤፍቲፒ፦ ለእጅ ሥራ የመጀመሪያው ምርጫ

በዚያ በጥንቱ ትዕዛዝ የለመደ ሰው ወደዚህ ሲሻገር እንግድነት አይሰማውም። ጌትና ፑት እዚህም አሉ፤ ሲዲ በሰርቨሩ በኩል ፎልደር ይቀይራል፣ ኤልሲዲ በራስዎ ኮምፒውተር በኩል፤ ኤልኤስ የሰርቨሩን ፋይሎች ይዘረዝራል፣ ኤልኤልኤስ የእርስዎን። ከፊት ‘ኤል’ የተጨመረበት ሁሉ በእርስዎ በኩል ያለውን እንደሚነካ ካወቁ ግማሹን ተምረዋል። ሰረዝ ትንሹ አር ሲጨመርበት ሙሉ ፎልደር ይሄዳል።

ፕሮግራሙ በሰፊው ከሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም ከኦፕንኤስኤስኤች ጋር አብሮ ስለሚመጣ በሊኑክስም በማክም በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶችም ይገኛል። አዲስ ነገር መጫን ሳያስፈልግ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ መሥራት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

መስመር ሲቋረጥስ? ራሱ መልሶ አይገናኝም። ተመልሰው ገብተው ‘ሪጌት’ ወይም ‘ሪፑት’ ብለው ሲያዙ ግን ካቆመበት ይቀጥላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ የወረደው ቁራጭ የዚያው ፋይል ቁራጭ መሆኑን አያጣራም፤ መጠኑን አይቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ይቀጥላል። በመሐል ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ተቀይሮ ከሆነ የአሮጌው ራስና የአዲሱ ጅራት ይገጣጠማሉ፤ ምንም ስሕተትም አይታይም።

ለስክሪፕትም ይሆናል። ትዕዛዞቹን በአንድ ፋይል ጽፈው በሰረዝ ትንሹ ቢ ይሰጡታል። በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የተሳሳተው ትዕዛዝ ላይ ቆሞ ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል፤ ትክክለኛ ጠባይ ነው። ቢሳሳትም ሥራው እንዲቀጥል የሚፈልጉት ትዕዛዝ ካለ፣ ለምሳሌ ምናልባት አስቀድሞ የተፈጠረ ፎልደር መፍጠር፣ ከትዕዛዙ ፊት ሰረዝ ያድርጉ። የይለፍ ቃልን በትዕዛዙ ላይ መጻፍ ግን አይፈቅድም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያማርራሉ፤ እኔ ግን ተጠቃሚውን በይለፍ ቃል ፋንታ ወደሚያገለግለው የኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል የሚገፋ መልካም ጠባይ አድርጌ ነው የማየው።

የፖርት ቁጥር ለመግለጽ ኤስኤስኤች ሰረዝ ትንሹን ፒ ሲጠቀም፣ ኤስኤፍቲፒና ኤስሲፒ ትልቁን ፒ ይጠቀማሉ። በኤስሲፒ ትንሹ ፒ የፋይሉን ቀንና ፈቃድ የሚጠብቅ ሌላ ትዕዛዝ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፖርቱ ተዘግቷል ብሎ ሰርቨሩን ሲጠራጠር ይውላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ የሚመጣውን የሰርቨር ቁልፍ አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር ምልክት) ጥያቄ ሳያነቡ ‘የስ’ ማለት የተለመደ ሆኗል። አሻራውን ከአስተዳዳሪው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ አረጋግጠው ይቀበሉ። በሌላ ቀን ቁልፉ ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ በአዲስ መልክ ተተክሎ እንደሆነ ሳያጣሩ አሮጌውን መዝገብ አይሰርዙ።

ኤስሲፒ

ስለ ኤስሲፒ የምለው አጭር ነው። በአንድ መስመር፣ ፋይሉንና መድረሻውን ጽፎ ለመላክ ከእሱ የሚቀል የለም። ነገር ግን ከተቋረጠ መቀጠል አይችልም። የኦፕንኤስኤስኤች አዘጋጆች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የኤስሲፒ ፕሮቶኮል ጊዜ ያለፈበትና በቀላሉ ሊስተካከል የማይችል መሆኑን ገልጸው ሌላ እንድንጠቀም መክረዋል፤ በ2022 በወጣው የኦፕንኤስኤስኤች 9.0 ሥሪት ደግሞ ትዕዛዙ በስሙ ቀርቶ ውስጡ ወደ ኤስኤፍቲፒ ተቀይሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከአንድ አሮጌ መሣሪያ ጋር መገናኘት እምቢ ካለዎት ሰረዝ ትልቁ ኦ የቀድሞውን ፕሮቶኮል ይመልሳል። ለትናንሽ ፋይሎች ይጠቀሙበት፤ ለትልልቆቹ ይተዉት።

አርሲንክ፦ ሥራው ሲደጋገም

ስለዚህ መሣሪያ ስጽፍ አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ አደረጉት፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ዛሬም አላረጀም።

ሐሳቡ ይህ ነው። ተቀባዩ ዘንድ የፋይሉ የቆየ ቅጂ ካለ፣ ያን ቅጂ በቁርጥራጭ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ፣ ያሰላል፤ አንዱ ፈጣንና ልል፣ ሌላው ዘገምተኛና ጠንካራ። አሻራዎቹን ለላኪው ያደርሳል። ላኪው በአዲሱ ፋይል ላይ በባይት በባይት እየተንሸራተተ የሚመሳሰል ቁራጭ ይፈልጋል፤ ፈጣኑ አሻራ ሲገጥም ጠንካራውን አስልቶ ያረጋግጣል። የሚልከው ተቀባዩ ዘንድ ያልተገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ 10 ጊጋባይት የሆነ የመረጃ ቋት ቅጂ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 50 ሜጋባይት ቢለወጥ፣ በመስመሩ የሚሄደው ለ50 ሜጋባይት የቀረበ ነው። መስመር ውድ ወይም ቀርፋፋ በሆነበት ሁሉ ይህ ለውጥ ያመጣል።

ይህ የሚሠራው ግን ፋይሉ ካልታመቀና ካልተመሰጠረ ነው። በታመቀ ፋይል ውስጥ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ነገር ቢለወጥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይለዋወጣል፤ አርሲንክም የሚያገናኘው ነገር አያገኝም። በየቀኑ የሚላክ ቅጂ ካለዎት ሳያምቁ አስቀምጠው በጉዞ ላይ ብቻ እንዲታመቅ በሰረዝ ትንሹ ዜድ ቢያዙ ይሻላል።

ያልተነኩ ፋይሎችን ደግሞ ጨርሶ አይከፍታቸውም። መጠናቸውና የተሻሻሉበት ጊዜ ከሁለቱም ወገን አንድ ከሆነ ያልፋቸዋል። ከዚህ የተነሣ ሰረዝ ትንሹ ኤ የማይቀር አማራጭ ነው፤ ፎልደሮችን ከነይዘታቸው ይወስዳል፣ ቀንና ፈቃድ ይጠብቃል። ቀኑ ካልተጠበቀ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም ፋይል የተለወጠ ይመስለዋል።

ሦስት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው በፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር (/) ናት። ከላኪው ፎልደር ስም ቀጥሎ እዝባር ካለ የፎልደሩ ይዘት ይሄዳል፤ ከሌለ ፎልደሩ ራሱ ይሄዳል፣ መድረሻው ውስጥም በስሙ ሌላ ፎልደር ይፈጠራል።

ሁለተኛው ‘ዲሊት’ የሚለው አማራጭ ነው። ከመነሻው የጠፋውን ከመድረሻውም ያጠፋል። ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት ለማድረግ ያስፈልጋል፤ መነሻው በስሕተት ባዶ ፎልደር ከሆነ ግን መድረሻውን ባዶ ያደርገዋል። ዲሊት ያለበትን ትዕዛዝ ሁልጊዜ አስቀድመው በሰረዝ ትንሹ ኤንና በሰረዝ ትንሹ ቪ ይሞክሩ፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝርልዎታል። ዝርዝሩን አንብበው ከዚያ ኤኗን ያንሡ።

ሦስተኛው ከዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። አርሲንክ ሲቋረጥ በራሱ ካቆመበት ይቀጥላል ተብሎ ይታመናል። በራሱ ሲተው ግን መሐል ላይ የቀረውን ፋይል ሰርዞት ይወጣል። ቁራጩ እንዲቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ እንዲያገለግል ‘ፓርሻል’ የሚለውን፣ ወይም እሱንና የሂደት ማሳያውን በአንድ ላይ የያዘውን ሰረዝ ትልቁን ፒ ይጨምሩ። በዚህን ጊዜ ትዕዛዙን እንዳለ መድገም ብቻ ይበቃል፤ ቁራጩንም እንደ ቆየ ቅጂ በአሻራ ስለሚያመሳክረው፣ የኤስኤፍቲፒው ራስና ጅራት የመቀላቀል አደጋ የለም።

ሌላም በጎ ጠባይ አለው። አዲሱን ፋይል በተደበቀ ጊዜያዊ ስም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ትክክለኛ ስሙ የሚቀይረው። በዚያ ፋይል እየተጠቀመ ያለ ድረ ገጽ ወይም ፕሮግራም ግማሽ ፋይል አያጋጥመውም።

የሚጠይቀው ዋጋ ግን አለ። ፕሮግራሙ በሁለቱም ወገን መኖር አለበት፤ በኤስኤስኤች ሲሠራም ሰርቨሩ ላይ ትዕዛዝ የማስኬድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኤስኤፍቲፒ ብቻ የተፈቀደለት የተጠቃሚ ስም ላይ አይሠራም። ያለ ኤስኤስኤች በፖርት 873 ብቻውን የሚሠራበት መንገድም አለ፤ ይህ መንገድ ግን ፋይሎቹን አይመሰጥርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው የአርሲንክ 3.4.0 ሥሪት ከባድ የደኅንነት ቀዳዳዎችን ስለደፈነ፣ በተለይ ይህን አገልግሎት የሚያስኬድ ሰው ያለውን ሥሪት ያረጋግጥ።

ኤልኤፍቲፒ፦ ማዶው ኤፍቲፒ ብቻ ሲሆን

አርሲንክ የማይፈቀድበት፣ የኤፍቲፒ ወይም የኤስኤፍቲፒ ስም ብቻ የተሰጠበት ጊዜ ብዙ ነው። የድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ይህንኑ ነው። ያኔ የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ኤልኤፍቲፒ ነው። አሌክሳንደር ሉክያኖቭ የጀመረው ይህ ፕሮግራም ኤፍቲፒን፣ ኤፍቲፒኤስን፣ ኤስኤፍቲፒንና የድረ ገጾችን ፕሮቶኮል ኤችቲቲፒን በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ ያናግራል።

መስመር ሲቋረጥ የሚያሳየው ጠባይ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቂት ጠብቆ መልሶ ይገናኛል፤ ይቀጥላል። ተርሚናሉን ዘግተው ቢወጡ እንኳ የተጀመረ ሥራ ካለ ከኋላ ሆኖ ይጨርሳል። ‘ሚረር’ የሚለው ትዕዛዝ ሙሉ ፎልደር ከሰርቨሩ ያመጣል፤ ሰረዝ ትልቁ አር ሲጨመርበት አቅጣጫው ይገለበጥና የእርስዎን ፎልደር ወደ ሰርቨሩ ይወስዳል፣ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ እየመረጠ። ‘ፓራለል’ በሚለው አማራጭ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ሲኖሩ ጊዜ የሚበላው የእያንዳንዱ ፋይል ጥያቄና መልስ ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ‘ፒጌት’ ደግሞ አንድን ትልቅ ፋይል በበርካታ ግንኙነት ከፋፍሎ ያወርዳል። የጋራ ሰርቨር ላይ ከሆኑ ግን ግንኙነቶቹን ሁለት ወይም ሦስት ላይ ይገድቡ፤ ሌሎችም ይጠቀሙበታል፣ አስተዳዳሪውም ሊያግድዎት ይችላል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ኤልኤፍቲፒ አድራሻ ሲሰጡት ወዲያው አይገናኝም፤ የሚገናኘው የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲመጣ ነው። የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ መሆኑ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ሌላው፣ ከኤፍቲፒ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ምስጠራ ይሞክራል እንጂ ግድ አይልም፤ ያለ ምስጠራ የይለፍ ቃል እንዳይልክ ‘ኤስኤስኤል ፎርስ’ የሚለውን ቅንብር እውነት አድርገው ያስቀምጡ። በአንዳንድ የኤፍቲፒ ሰርቨሮች ላይ የፋይሎቹ ሰዓት በትክክል ስለማይታይ ሚረር ያልተለወጠውን ሁሉ እንደ አዲስ ሊጭን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ትቶ መጠኑን ብቻ እንዲያይ ማዘዝ ይቻላል፤ መጠኑ ሳይለወጥ ይዘቱ የተለወጠ ፋይል ግን ያመልጠዋል።

ከርልና ደብልዩጌት

ስዊድናዊው ዳንኤል ስተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህ ስሙ ያወጣው ከርል የስክሪፕት ሰዎች ወዳጅ ነው። አንድ ፋይል፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ መስመር። ሰረዝ ትልቁ ኦ ያወርዳል፣ ሰረዝ ትልቁ ቲ ይጭናል፣ ‘ሪትራይ’ ስንት ጊዜ መልሶ እንዲሞክር ይነግረዋል። ሰረዝ ትልቁ ሲ ከአንዲት ሰረዝ ጋር ሲጻፍ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። የምወድለት ግን ከምንም በላይ ሲሳሳት የሚሰጠውን ቁጥር ነው። 7 መገናኘት አልቻልኩም፣ 28 ጊዜው አለቀ፣ 67 መግባት ተከለከልኩ፣ 78 ፋይሉ የለም ማለት ነው። ስክሪፕቱ 28 ሲያገኝ መልሶ እንዲሞክር፣ 67 ሲያገኝ ግን ሰው እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል፤ የተሳሳተን የይለፍ ቃል አሥር ጊዜ መደጋገም ሰርቨሩ እንዲያግድ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም።

ፎልደር ከነይዘቱ ማስተላለፍ አይችልም። ኤስኤፍቲፒም በሁሉም ሥሪቶቹ ውስጥ አይገኝም፤ ‘ቨርዥን’ ብለው ሲጠይቁት የሚያውቃቸውን ፕሮቶኮሎች ይዘረዝራል፣ ከዚያ ያረጋግጡ።

ደብልዩጌት ለማውረድ ብቻ ነው። ከኤችቲቲፒ ወይም ከኤፍቲፒ አንድን ፎልደር እንዳለ ለማውረድና ሲቋረጥ በሰረዝ ትንሹ ሲ ለመቀጠል ይመቻል። ኤስኤፍቲፒ አያውቅም።

መድረሻው የደመና ማከማቻ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ወጥተው አርክሎንን ይመልከቱ፤ ከብዙ ዓይነት ማከማቻዎች ጋር በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ ይሠራል፣ ኤስኤፍቲፒንም ያውቃል። በእሱ ዘንድ ‘ኮፒ’ መድረሻው ላይ ያለውን አያጠፋም፤ ‘ሲንክ’ ግን መነሻው ላይ የሌለውን ያጠፋል።

የመስመር ገደብ መለኪያዎች

ቢሮ ውስጥ ሌሎች የሚጠቀሙበትን መስመር ላለማጨናነቅ ፍጥነቱን መገደብ ሥነ ምግባር ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ያስችላሉ፤ መለኪያቸው ግን ይለያያል። ኤስሲፒና ኤስኤፍቲፒ ሰረዝ ትንሹ ኤል ላይ የሚሰጣቸውን ቁጥር በኪሎቢት ይረዱታል። አርሲንክ የሚረዳው በኪሎባይት ነው። ከርል ምንም ፊደል ካልተጨመረበት በባይት ይወስደዋል። ለአርሲንክ 800 ብሎ የለመደ ሰው ያንኑ ቁጥር ለኤስሲፒ ቢሰጥ ፍጥነቱ ስምንት እጥፍ ይወርድበታል፤ ለከርል ቢሰጥ ደግሞ ሥራው የቆመ ይመስለዋል።

ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ስክሪፕት

የይለፍ ቃልን በትዕዛዙ መስመር ላይ አይጻፉ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሲዘረዝር ሊያየው ይችላል፤ በትዕዛዝ ታሪክ ውስጥም ይቀራል። ኤፍቲፒ የግድ ከሆነ ኔትአርሲ በሚባለው ፋይል ውስጥ አስቀምጠው ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን 600 ያድርጉት። ኤስኤስኤች ላይ የተመሠረተ ከሆነ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይፍጠሩ፤ ቁልፉ ቢሰረቅ እሱን ብቻ ሰርዞ ሌላውን ሥራ ሳያውኩ መቀጠል ይቻላል።

ተቀባዩ ወገን ፎልደሩን እየተጠባበቀ የመጣውን ሁሉ ወዲያው የሚያነብ ከሆነ፣ ኤስኤፍቲፒና ከርል ፋይሉን በትክክለኛ ስሙ ስለሚጽፉት ግማሹን ሊያነብ ይችላል። በሌላ ስም ጭነው ሲያበቃ ‘ሪኔም’ ያድርጉት። አርሲንክ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ ኤልኤፍቲፒም ጊዜያዊ ፋይል እንዲጠቀም ሊታዘዝ ይችላል።

እንግዲህ ለየትኛው?

ተርሚናሉ ፊት ተቀምጠው ከሰርቨር ላይ አንዳንድ ፋይል የሚያነሡና የሚያስቀምጡ ከሆነ ኤስኤፍቲፒ። አንድን ፎልደር በየጊዜው ወደ ሰርቨር የሚወስዱ ከሆነና ሰርቨሩ ላይ ትዕዛዝ የማስኬድ ፈቃድ ካለዎት አርሲንክ፤ ፈቃዱ ከሌለ ኤልኤፍቲፒ። መስመርዎ በየደቂቃው የሚቆራረጥ ከሆነ ማዶው ምንም ይሁን ምን በመጀመሪያ ኤልኤፍቲፒን ይሞክሩ። በስክሪፕት አንድ ፋይል ለማድረስ ከርል። ዊንዶውስ ላይ ሆነው ኦፕንኤስኤስኤች ከሌለ የፑቲ ቤተሰብ የሆነው ፒኤስኤፍቲፒ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ዊንኤስሲፒም ከመስኮቱ ሌላ በስክሪፕት የሚታዘዝበት መንገድ አለው፣ ኤፍቲፒኤስንም ጨምሮ።

የትኛውንም ቢመርጡ ‘ተጠናቀቀ’ የሚለውን መልእክት እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። የመጠን እኩልነትም አይበቃም፤ ቅድም ያነሣሁት የራስና የጅራት ቅልቅል በመጠን እኩል ሊሆን ይችላል። በመነሻውና በመድረሻው ላይ የፋይሉን ሻ 256 አሻራ አስልተው ሁለቱን ያስተያዩ። ሙሉ ፎልደር ከሆነና አርሲንክ ካለ፣ ሰረዝ ትንሹን ኤን ከሰረዝ ትንሹ ሲና ከሰረዝ ትንሹ ቪ ጋር ጨምረው ትዕዛዙን ይድገሙት፤ ቀኑን ትቶ የሁሉንም ፋይል ይዘት በአሻራ ያወዳድራል፣ የተለየ ፋይል ካገኘም በስሙ ይነግርዎታል። ሰርቨሩ ላይ አሻራ ማስላት ካልተፈቀደልዎት ላኪው የአሻራዎቹን ዝርዝር በአንድ ትንሽ ጽሑፍ ከፋይሎቹ ጋር እንዲያስቀምጥ ይጠይቁ፤ ካወረዱ በኋላ ዝርዝሩን ለዚያው የአሻራ ትዕዛዝ በሰረዝ ትንሹ ሲ ሲሰጡት እያንዳንዱን ፋይል እያየ የተበላሸውን ይለይልዎታል።